ሳይጠሩት አቤት

ጀርመን አገር የራበው ሰው ራበኝ ብሎ መናገር አለበት። ሌላ ሰው አይልለትም። ስለ ሁለቱ አገሮች ልዩነት ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እነሱ ሰዓት አክባሪ፣ እኛ ሰው አክባሪ፤ እነሱ ቀዝቃዛ፣ እኛ ሞቃት፤ እነሱ ለሥራ፣ እኛ ለጨዋታ። አብዛኛው አይጥመኝም። ሰዓት የሚያከብር የደሴ ሰው አውቃለሁ፤ ጨዋታ ሲይዝ የማይለቅ የፍራንክፈርት ሰውም አውቃለሁ። የእኔን ኑሮ ያመሰቃቀለው ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ ነገር ነው። ችግር በገባበት ቤት ደጃፍ ላይ ቀድሞ እግሩን ማንሳት ያለበት ማን ነው? ባለችግሩ ነው ወይስ ጎረቤቱ?

መጀመሪያ የገጠመኝ ገበታ ላይ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ማታ ቤቱ ጋበዘኝ። የጀርመን እራት በብዙ ቤት እሳት አይነካውም፤ ጥቁር ዳቦ፣ አይብ፣ ስስ ሆኖ የተቆረጠ ቋሊማ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ነው። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም ነበር። አንድ ቁራጭ በልቼ ሁለተኛ ሲያቀርብልኝ፣ ከልጅነቴ እንደተማርኩት «በቅቶኛል፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። ሰውየው የዳቦውን ቅርጫት አንስቶ ወደ ጓዳ መለሰው። በእኛ ቤት ቢሆን ገና መጀመሩ ነበር፤ «በሞቴ» ይከተላል፣ «አፈር ስሆን» ይከተላል፣ ቆይቶም ጉርሻው ራሱ አፍ ድረስ ይመጣል። ባልደረባዬ ግን ቃሌን አመነ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጨዋታው ሲነሳ እንደነገረኝ፣ አንድ ትልቅ ሰው በቅቶኛል ካለ በቅቶታል፤ ደግሞ ደጋግሞ መወትወት ቃሉን መጠራጠር ነው። እሱም በተራው አዲስ አበባ ሄዶ እምቢ ባለ ቁጥር እየተጨመረለት ሌሊቱን ሆዱን ይዞ አድሯል። ሁለታችንም የተስተናገድነው በክብር ነው፤ እኔ ተርቤ አደርኩ፣ እሱ አብዝቶ በልቶ ታመመ።

እናቴ ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ ነገሩ ከገበታ አልፎ ወደ ደረጃው ወረደ። ቪዛዋ እንደ ሸንገን ሕግ ከ90 ቀን አይበልጥም፤ እሷ ግን ለዕድሜ ልክ እንደመጣ ሰው ጎረቤት ማወቅ ፈለገች። ደሴ ቤቷ በር የሚቆለፈው ማታ ብቻ ነው። ፍራንክፈርት ቦርንሃይም ሰፈር ያለው የእኛ ሕንፃ ደግሞ በሩ ሁሉ ዝግ ነው፤ በመግቢያው ላይ ከየመጥሪያው አጠገብ የየቤቱ ሰው ስም ተለጥፏል፤ ሰውን በስሙ ታውቀዋለህ፣ በመልኩ ግን ላታውቀው ትችላለህ። «ከበላያችሁ ማን አለ? ከበታቻችሁስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከበታቻችን ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት እንዳሉ፣ ባልየው አልጋ ላይ እንደዋሉ ነገርኳት። «አንተስ ጠየቅሃቸው?» አለች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንደምንባባል፣ እኔ ሥራ ስሆን የሚመጣልኝን ጥቅል ሴትየዋ ተቀብለው እንደሚያስቀምጡልኝ፣ እኔም እነሱ ለሕክምና ሲሄዱ የፖስታ ሣጥናቸውን እንደምከፍትላቸው ነገርኳት። ይህ በጀርመን ወግ መልካም ጉርብትና ነው። እናቴ ግን የጠየቀችኝ ስለ ሕመምተኛው ነበር።

እሑድ ቀን ድፎ ዳቦ ጋገረች። በጀርመን እሑድ ከሌላው ቀን የተለየ ነው፤ ሱቅ ይዘጋል፣ መሰርሰሪያ አይነሳም፣ የሣር ማጨጃ አይጮኽም። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም፣ ሕገ መንግሥታቸውም እሑድን የሥራ ዕረፍት ቀን አድርጎ ይጠብቀዋል። በዚያ ጸጥታ መሃል እናቴ ትኩሱን ዳቦ በሳህን ይዛ ሄዳ የጎረቤታችንን በር አንኳኳች። ሴትየዋ በድንጋጤ ከፈቱ፤ ሳይነገራቸው የሚያንኳኳ ሰው ወይ ፖሊስ ነው ወይ ክፉ ወሬ። ዳቦውን ግን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ለአዲስ ገቢ ዳቦና ጨው መስጠት የእነሱም ነባር ልማድ ስለሆነ ነገሩ ገብቷቸዋል ብዬ አምናለሁ። በማግስቱ ሳህኑ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ከአንዲት የምስጋና ካርድ ጋር በራችን ሥር ተቀምጦ አገኘነው። ካርዱ በእጅ ጽሑፍ ነው፤ ዳቦው እንዴት እንደጣማቸው፣ ባለቤታቸው ከሰሞኑ ሁሉ የተሻለ እንደበሉ ይናገራል። እናቴ ካርዱን ማንበብ አትችልም፤ ያየችው ባዶውን ሳህን ነው። «ባዶ ሳህን ይመለሳል እንዴ?» አለች፤ ፊቷ ተለወጠ። በእኛ ሰፈር የጎረቤት ሳህን አንድ ጭብጥ ቆሎ ወይ ሁለት ሎሚ ሳይዝ አይመለስም። ካርዱን አንብቤ ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ሰማችና መነጽሯን ከምታስቀምጥበት ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።

አሁን ስለዚያች ወጣት ልናገር። በየማለዳው አንዲት ወጣት በትንሽ መኪና መጥታ ወደ ጎረቤቶቻችን ቤት ትገባ ነበር። ሕመምተኛውን ታጥባለች፣ ልብስ ትቀይራለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ትወጣለች። እናቴ በመስኮት እያየች ትመርቃታለች፤ «ይቺ የተባረከች ልጅ፣ አባቷን እንዲህ የምትጦር!» ትላለች። ልጃቸው እንዳልሆነች፣ የምትከፈለውም ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1995 ካቋቋመችው የእንክብካቤ መድን እንደሆነ ነገርኳት። ሠራተኛ ሁሉ ከደመወዙ ያዋጣል። አንድ ሰው ራሱን መርዳት ሲያቅተው ቤተሰቡ ማመልከቻ ያስገባል፤ ገምጋሚ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ልብሱን ብቻውን ይለብሳል ወይ፣ ማታ ይነሳል ወይ፣ ሰው ይለያል ወይ እያለ ጠይቆ ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይመድበዋል። ደረጃው ከጸደቀ እርዳታው አይቋረጥም፤ በረዶ ቢጥል፣ በዓል ቢሆን ያቺ ወጣት ወይም ተተኪዋ በሰዓቷ ትደርሳለች። በዚህ ነገር ጀርመኖችን ቢያደንቋቸው አይበዛባቸውም። በአገሬ አልጋ ላይ የዋለ አባት ያላት ሴት ሥራዋን ትታ፣ ወገቧ ተሰብሮ፣ ስንት ዓመት ብቻዋን እንደምትታገል አውቃለሁ። ጎረቤት በየቀኑ ይጠይቃታል፤ በየቀኑ የሚያገላብጥላት ግን የለም። ጀርመን ውስጥ ግን መጀመሪያ ማመልከት ያስፈልጋል። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ባለችግሩ አፉን ሲከፍት ነው።

ሽማግሌው በዚያው ሰሞን አረፉ። ማለዳ ነው፤ እኔ ወደ ሥራ ወጥቻለሁ። እናቴ ጥቁር ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ሣጥን ተሸክመው ከሕንፃው ሲወጡ በመስኮት አየች። ጩኸት የለም። ደረት የሚመታ የለም። የመኪና በር ተዘጋ፣ መኪናው ሄደ፣ ሕንፃው ወደ ጸጥታው ተመለሰ። እሷ ስንዴና ሽምብራ ቀቀለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ንፍሮውን ይዛ ወረደች። ሴትየዋ ከፈቱላት። እናቴ እጃቸውን ይዛ «አብሽሩ፣ እግዜር ያጥናዎ» አለቻቸው። እሳቸውም እጇን ጨብጠው አመሰገኑ፤ ንፍሮውን ተቀበሉ፤ ከዚያ በቀስታ፣ በጨዋነት በሩን ዘጉት።

ለቅሶ ቤት ደርሶ፣ በቁም እጅ ጨብጦ፣ ወደ ቤት መመለስ በእናቴ ዕድሜ ያልታየ ነገር ነው። ሰው በሞተበት ቤት ሰው ይቀመጣል። ቤቱ ካልተከፈተ በደጅ ይቀመጣል። ስለዚህ ደረጃው ላይ፣ ከባለለቅሶዋ በር ፊት ለፊት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እንባዋም መጣ። ሰውየውን አታውቃቸውም፤ ያለቀሰችው ለአባቴም፣ ለእናቷም፣ ለማንም ነው። የለቅሶ ቤት እንባ እንዲህ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ሟች ያነሳበታል።

ከላይኛው ወለል የሚወርድ አንድ ሰው አያት። በሕንፃው ደንብ ደረጃ የእሳት ማምለጫ ስለሆነ ዕቃም ሰውም አይቀመጥበትም፤ እሱ ግን ስለ ደንብ አልተናገረም፣ ተንበርክኮ ምን እንደሆነች ጠየቃት። ቋንቋው አልገባትም። ውኃ አምጥቶ ሰጣት። ሌላ ሴት መጣች፤ ካፖርቷን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። ቁልፍ ጠፍቶባት ይሆን? ልቧን አሟት ይሆን? ወደ 112 ደወሉ። በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 323ሲ፣ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው አይቶ፣ መርዳት እየቻለ ያልረዳ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። እነዚያ ሰዎች ግን ቅጣት ፈርተው አይመስለኝም የረዷት፤ ፊታቸውን አይቻለሁ። እኔን በስልክ አግኝተውኝ እየሮጥኩ ስደርስ የአምቡላንስ ሠራተኞች የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠምጥመዋል። በማልቀሷ ግፊቷ ጨምሮ ስለነበር ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዷት ቃሬዛ አዘጋጅተዋል። ሐዘንተኛ እንጂ ሕመምተኛ እንዳልሆነች ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ሟቹ ዘመዷ ናቸው?» አሉኝ። አይደሉም አልኩ። «ታውቃቸው ነበር?» አይ። መዝጋቢው ብዕሩን ይዞ ቆየ፤ ለዚህ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረውም።

እንግዲህ ያን ቀን የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ እረፍት አይሰጠኝም። ምንም ላልሆነችው ለእናቴ ውኃ መጣ፣ ካፖርት መጣ፣ አምቡላንስ መጣ። ከበሩ ጀርባ ባሏን የተነጠቀች ሴት ነበረች፤ ወደዚያ ከእናቴ በቀር ማንም አላንኳኳም። እነዚያው ደግ ሰዎች ናቸው ያላንኳኩት። ሕመም መስሎ የታያቸውን በሩጫ ደረሱለት፤ ሐዘንን ግን የግል ነገር አድርገው አከበሩት፣ አልፈውትም ሄዱ።

በዚያው ምሽት የሴትየዋ ልጅ ከሃምቡርግ ደረሰ። በማግስቱ ወደ እኛ ቤት ወጣ፤ ንፍሮው የተላከበትን ሳህን ይዞ። እናቴ ሻይ አቀረበችለት። የተናገረውን በራሴ ቃል ልንገራችሁ። እናቱ ሰው ፊት ማልቀስ አይችሉም፤ ሰው ሲገባ ፊታቸውን ማስተካከል፣ ቡና ማፍላት፣ ደህና ነኝ ማለት ግዴታቸው ይመስላቸዋል። ለሦስት ዓመት ባላቸውን ሲያስታምሙ አልቅሰው አያውቁም። አሁን በሩ ሲዘጋ ነው ማልቀስ የቻሉት። የእናቴን መምጣት እንደ ድፍረት አላዩትም፤ ግን እንድትቀመጥ ቢፈቅዱ ኖሮ አስተናጋጅ ይሆኑ ነበር። ካርድ ብትጽፉላት ደጋግማ ታነበዋለች አለን።

እናቴ ይህን ስተረጉምላት አልተናገረችም። ማታ፣ መብራት ካጠፋን በኋላ ነው የተናገረችው። አባቴ በሞተ ጊዜ ደሴ ድንኳን ተተክሎ ነበር። እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለው፣ አዲስ አበባ እድር የሚሉት ማኅበር፣ ጥሩምባው ተነፍቶ ሳያልቅ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ብርጭቆውን አጋዘ። ወንዶቹ መቃብር ቆፈሩ፣ ሴቶቹ እንጀራ ጋገሩ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ማንም ማንንም አልለመነም። ቀሪ ቢኖር ይቀጣል፤ መዝገቡ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የቅርብ ዘመዱ ሲሞትበት የሚያገኘው ፈቃድ ሦስት የሥራ ቀን ነው፤ እኛ ቤት ግን ሰልስቱም ሰባቱም በሰው ብዛት አለፈ። ይህን ሁሉ እኔም አስታውሳለሁ፤ እኮራበታለሁም። እሷ ግን ያን ሌሊት ያልሰማሁትን ነገረችኝ። «ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሰው ፊት ሳይ፣ ተነሺ ሲሉኝ ስነሳ፣ ተቀመጪ ሲሉኝ ስቀመጥ ሰነበትኩ። ለብቻዬ ያለቀስኩት ሽንት ቤት ገብቼ ነው፤ እሱንም ሲያንኳኩብኝ ወጣሁ።» ጥቂት ቆይታ ጨመረች፤ «ግን ሰው ባይኖር እህል ባፌ አይዞርም ነበር። አንድ ሳምንት አልቆይም ነበር።»

ሁለቱንም አንድ አፍ ነው የተናገራቸው። ስለዚህ እኛ ደጎች፣ እነሱ ደንዳኖች የሚለውን ወሬ ስሰማ አልቀበለውም፤ እነሱ የሠለጠኑ፣ እኛ ጣልቃ ገቦች የሚለውንም እንዲሁ። ጀርመኖችም ቢሆኑ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አልነበሩም። በምዕራብ ጀርመን በሙንስተርላንድ ገጠር ጎረቤት ግዴታ ነበረበት፤ ሰው ሲሞት ለመንደሩ የሚያረዳው፣ ሣጥኑን የሚሸከመው፣ የሐዘንተኛውን ከብት የሚያልበው የቅርቡ ጎረቤት ነበር። ከተማ፣ ፋብሪካና መድን ሲመጡ ያ ግዴታ ወደ ተቋም ተዛወረ። ዛሬ በጋዜጣ ከሚወጡ የሞት ማስታወቂያዎች በአንዳንዶቹ ላይ፣ በመቃብሩ ዳር የሐዘን መግለጫ ከመናገር እንድትታቀቡ እንለምናለን የሚል ተጽፎ ታገኛለህ። የመንግሥት ተቀጣሪዎች የሥራ ስምምነትም ባሏን ወይም ሚስቱን ላጣ ሰው የሚሰጠው ሁለት ቀን ነው።

ቀብሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1828 በተከፈተው በትልቁ የፍራንክፈርት መካነ መቃብር ሆነ። ሟች በዕለቱ ወይም በማግስቱ ሲቀበር ለለመደችው እናቴ ይህ መዘግየት ከባድ ነበር። ስለተጠራን ግን ሄድን። ሰው ጥቂት ነው፤ ኦርጋን ተመታ፣ አጭር ንግግር ተደረገ፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ አበባ ጣለ። ያልጠበቅኩትን ያየሁት ግን በኋላ ነው። ሴትየዋ ያን መቃብር ይንከባከቡታል፤ በየሳምንቱ በአውቶቡስ ሄደው ያጠጣሉ፣ ያርማሉ፣ በየወቅቱ አበባውን ይቀይራሉ። መቃብሩ በኪራይ የተያዘ ነው፤ እንዲህ ያለው ውል አብዛኛውን ጊዜ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሄዳል፣ ሲያልቅ ካልታደሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እኛ ሐዘናችንን በሕዝብ መሃል በጥቂት ቀን አፍስሰን፣ በአርባና በሙት ዓመት እያሰብን እንሄዳለን። እሳቸው ለብቻቸው፣ በትንሽ በትንሹ፣ ለዓመታት ይከፍሉታል።

ይህ ጉዳይ ለእኔ የሁለት አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ፍራንክፈርት ያለን ኢትዮጵያውያን እድር አለን፤ የተቋቋመው በዋናነት አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ነው፤ ወጪው አንድ ቤተሰብ የሚችለው አይደለም። ችግሩ የሚመጣው በለቅሶው ላይ ነው። ሁለት ክፍል ባለው ቤት ስድሳ ሰው ይገባል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጸጥታ የሚጠበቅበት ሕንፃ ነው። ጀርመኖች ድግስ ሲኖራቸው ደረጃው ላይ ማስታወቂያ ለጥፈው ጎረቤትን ይቅርታ እንደሚጠይቁት፣ እኛም «በዚህ ቤት ሐዘን አለ፣ ብዙ ሰው ይመላለሳል» ብለን መለጠፍ ጀምረናል። በዚህ ማንም አልተከራከረም፤ እንዲያውም ወንበር ያዋሱን ጎረቤቶች አሉ።

ክርክሩ የተነሳው እዚህ ያደጉ ወጣቶቻችን ከመሄዳችን በፊት ለባለለቅሶው መልእክት ልከን እንጠይቅ ባሉ ጊዜ ነው። ትልልቆቹ ተቆጡ፤ ለቅሶ በቀጠሮ ተሰምቶ አያውቅም አሉ። እኔ እጄን ያወጣሁት ከትልልቆቹ ጋር ነው። ሐዘን የገባበት ሰው ኑ ለማለት አቅም የለውም፤ አትምጡ ማለትንም ቢሆን አይችልም፤ ስለዚህ መጠየቁ ራሱ ሌላ ሸክም ይጭንበታል። ግን የእናቴንም ነገር ነገርኳቸው፤ ሽንት ቤት ገብታ ማልቀሷን። ልጇን የቀበረች አንዲት እህታችን ተነስታ፣ «እኔም አንድ ሰዓት ብቻዬን ብትተዉኝ ብዬ ነበር፣ ማን ይሰማኛል» አለች። ቤቱ ዝም አለ። የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይጠየቅ ይሄዳል። ከእድሩ ግን አንድ ሰው ለዚሁ ይመደባል፤ ባለለቅሶዋን ጆሮዋ ላይ ጠይቆ፣ ልተኛ ወይም ልለቀቅ ስትል ሰዉን ወደ ሌላው ክፍል ወይም ወደ ግቢው የሚያወጣ፣ በሩን ዘግቶ ደጁ ላይ የሚቀመጥ። አንዳንድ ሽማግሌ ተቀይሟል፤ «በር ጠባቂ ያለው ለቅሶ!» ያሉኝ አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና ሊያነሱት ነው። እኔም ይህ ሰው እንዲቀር አልስማማም፤ እስከዚያው ተራው የእኔ ነው።